ከስም ኋላ ያለችው ባዶ ቦታ

በነገሩ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሰበታ ተከራይቼ ብቻዬን የምኖር፣ ኮምፒውተር ማንም ሳያስተምረኝ የለመድኩ፣ ለአንድ የወተት አርቢዎች ማኅበር መረጃ የማጠራ ሰው። ሁለተኛዋ ሴት ልጄ ናት፤ ሱሉልታ ወተት መሰብሰቢያው ላይ ትመዘግባለች። ሦስተኛው እዚያው ወተት የሚያስገቡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ልጄ በኦሮምኛ አክብራ «ኦቦ» ትላቸዋለች፤ እኔም እንደሷ እላለሁ። አራተኛው ቡራዩ ቢሮ ያለው የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ነው።

ማኅበሩ በየወሩ መኖ የሚያከፋፍለው አርቢው ባስገባው ወተት ልክ ነው። ያን ሰሞን ጾም ነበር። ወተት ፈላጊ የለውም፤ የመኖ ዋጋ ግን አልጾመም። ኦቦ ያረገዘች ጊደር ነበረቻቸው። የዚያ ወር መኖ ከጎደለባቸው ሳትወልድ ሊሸጧት ከነጋዴ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ይህን ልጄ ከፋይሉ ጋር በቴሌግራም ጽፋልኝ ነበር፤ ለወትሮው ይህን ያህል አትጽፍም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ወሬያችን ፋይል ነው። «ልኬያለሁ» ትላለች፤ «ደርሶኛል» እላለሁ።

ፋይሉን ኤክሴል ላይ አስገብቼ ስደምር የኦቦ ወተት ግማሽ ሆኖ ወጣ። ዓይኔ የሚያየው ስም አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ይላል። ፊደሉን በቀመር ባስቆጥር በየቀኑ ከአንዱ ስም ኋላ የማይታይ ባዶ ቦታ ተለጥፏል። ከስልክ የሚመጣ መረጃ እንዲህ ያለ ጉድፍ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ጠርጎ የሚያወጣ ቀመር አለ። ጠረግሁት። አሁን ደግሞ የኦቦ ስም በየቀኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኘሁት፤ የብዙዎቹም እንዲሁ። ድግግሞሽ ነው ብዬ ልሰርዝ ስል የሊትሩ ልክ መለያየቱን አየሁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቁ መሰረዝ ነው ነውሩ። ደወልኩላት።

«ምነው አባዬ፣ ታመምክ እንዴ?» አለች። ስደውል የምታስበው ይህን ብቻ ነው።

«አልታመምኩም። የኦቦን ስም ለምን ሁለቴ ትጽፊያለሽ?»

«አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ ወተት ነዋ! ይኼ አዲሱ የስልክ ቅጽ በቀን አንድ ስም ሁለቴ አይቀበልም፤ ቀይ ያበራል። ከስሙ ኋላ ስፔስ ስመታ ዝም ይላል። ባዶ ያለበት የማታው ነው። አጠፋኸው እንዴ?»

«ዋናው ፋይል አለ።»

«ተመስገን! ደርቄ ልቀር ነበር።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን? ሥራ አስኪያጁ ‹ቅጹን የነካ ወዮለት› ብሏል። አንተ ደግሞ ‹ደርሶኛል› ብለህ ትጠፋለህ።»

ለጠዋትና ለማታ ለየብቻ ዓምድ ሠራሁ፤ የኦቦ ወተት ሙሉ ሆነ። ይህን ዓምድ ግን ቡራዩ ሄጄ ማስረዳት ነበረብኝ። መልሼ ደውዬ ስነግራት ድምጿ ተለወጠ።

«ከስልክ ሲገባ የመጣ ነው በላቸው። ሁሌ የሚሆን ነገር አይደል?»

«ራሱ የመጣ ከሆነ የማታ ወተት መሆኑን በምን አወቅህ ቢሉኝስ? መኖው ይቀራል።»

«ታዲያ እኔን ልታስበላኝ ነው?»

«እውነቱን ነው የምናገረው።»

ስልኩን ዘጋችብኝ።

በማግስቱ ቡራዩ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ፋይሎች አስተያይቶ፣ «እና ይህን ስፔስ ማን ነው የሚመታው?» አለኝ። «ልጄ ናት፤ ትርጉሙም የማታ ወተት ማለት ነው» አልኩት።

«እርስዎ ደግሞ ጉድ ነዎት! በገዛ ልጅዎ ላይ?» ብሎ ሳቀ። የመኖውን ማዘዣ ፈረመ። ቀጥሎም ልጄን ከምዝገባ አንስቶ የወተት ዕቃ አጣቢ አደረጋት።

ልጄ ለራሷ አንዲት ሊትር አልወሰደችም። ያደረገችው ለአርቢዎቹ ብላ ነው፤ ቅጹም የማይረባ ነበር። ቢሆንም አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ምልክት እሱ በሌለበት ቀን የሌሎችን ጉሮሮ ይዘጋል። መልካም ያሰበ ሰው ያሰበውን ለሰው መናገር አለበት። ይህን ዛሬም ለማንም እላለሁ። ለእሷ ለማለት ግን ስልክ አታነሳም።

ጊደሯ ወለደች። ኦቦ ደውለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ፤ «ገለቶማ፣ ልጅዎ ትባረክ» አሉኝ። እሷ ስለ እኔ ምን እንደምትል ልጠይቃቸው ፈልጌ አፈርኩ። የሱሉልታ ፋይል አሁን በሌላ እጅ ይመጣል፤ ዓምዱ ተጨምሮበታል፣ ንጹሕ ነው። «ደርሶኛል» ብዬ የምጽፈው ለማላውቀው ሰው ነው።

ማኅበሩ ምንም አልከሰረም፤ ኦቦም እንዲሁ። የልጄ ደመወዝ ግን በወር ስድስት መቶ ብር ቀነሰ። በየወሩ መጨረሻ ስድስት መቶውን በስልክ እልክላታለሁ፤ በማግስቱ ያለ ምንም ቃል መልሳ ትልክልኛለች። እስካሁን ነገሩ በየወሩ ያስከፈለን ይኸው ስድስት መቶ ብር ነው፤ የእኔ የመላኪያና የእሷ የመመለሻ ክፍያ ሳይቆጠር።