መስመር ሲጠፋ ምን ያድርግ?

ገዛኸኝ ባሌ ነው። «ነበር» በይ የሚሉኝ አሉ፤ እነሱ ይበሉ። ካርቱም፣ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ቴሌቪዥንና ሪሲቨር የሚጠግንባት ጠባብ ወርሻ ነበረችው። እኔ ዐማራት አንድ ቪላ ቤት ምግብ አበስል ነበር። ቡሪ ቤት ተከራይተን፣ ገሊላ የምትባል አንድ ልጅ ወልደን፣ ካርቱም እንዳለ ሐበሻ ሁሉ አንገታችንን ደፍተን እንኖር ነበር። ከሰው የሚለየን ነገር ቢኖር አውሮፕላን ያለን መሆኑ ነው።

አውሮፕላን ስል አትሳቁ። ቁመቱ ከገሊላ የማይበልጥ፣ ከቀላል እንጨት የተሠራ፣ በባትሪ የሚበር ነው። ይህን አባዜ ያስያዘው ሙዕተዝ የሚባል ሱዳናዊ ጓደኛው ነው። ዐርብ ዐርብ ወንዙ ሲጎድል በሚወጣው ሜዳ ላይ ሁለት ጎልማሶች ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ይውላሉ። ዝም ብሎ ቢበር እኮ ምንም አልነበረ፤ የእነሱ ነገር መገለባበጥ ነው። በጀርባው ይተኛል፣ ይሽከረከራል፣ አንዱን ክንፍ ወደ ሰማይ፣ አንዱን ወደ መሬት አድርጎ በጎኑ ያልፋል። የሰፈሩ ልጆች «ታኒ! ታኒ!» ይሉታል፤ ድገመው ማለታቸው ነው። እሱም ይደግመዋል፣ ምን ቸገረው!

የዚያ መገለባበጥ ዋናው ሥራ ግን የሚሠራው ሜዳ ላይ ሳይሆን አልጋችን ላይ ነው። መቆጣጠሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲነካካ ያመሻል። እኔ «ሪሞት» ስለው ይናደዳል፤ «ሪሞት የቴሌቪዥን ነው!» ይላል። ሁለት ዘንግ፣ ዙሪያውን ማብሪያ ማጥፊያ፣ መሐሉ ላይ ቁጥር የሚታይበት ትንሽ መስኮት አለው። ዘንጉ በትንሹ ሲነካ ለስላሳ፣ ጥግ ሲደርስ ቁጡ እንዲሆን ያስተካክለዋል። በጎኑ ሲያበረው አፍንጫው ወደ ሆዱ በኩል ይጎተትበታል፤ ስለዚህ አንዱን መሪ ሲነካ ሌላው ራሱ በጥቂቱ እንዲያግዝ ያዝዘዋል። ሁለት ይጨምራል፣ ሜዳ ሄዶ ያየዋል፣ ተመልሶ አንድ ይቀንሳል። «እኔ ለወጥ ጨው እንኳ እንዲህ አልጨነቅም» እለዋለሁ። «በወጥሽ ያስታውቃል» ይለኛል። ባለጌ!

እንዲህ ነበርን። እኔ ደግሞ አድርጊ ያሉኝን አላደርግም፤ ተፈጥሮዬ ነው። «ፀሐይ ነው፣ ውኃ ያዢ» ካለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ባዶ እጄን እወጣለሁ። ከዚያ ግማሽ መንገድ ላይ ጉሮሮዬ ሲደርቅ እመለሳለሁ። በር ላይ ውኃውን ይዞ ቆሞ ይጠብቀኛል። «አውቅሻለሁ እኮ፣ ግማሽ መንገድ ሄደሽ ትመለሻለሽ» ይላል። ትዳራችን ሁሉ እንዲያ ነበር፤ እኔ እምቢ እላለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እሱ ይስቃል።

አንድ ዐርብ የሙዕተዝ አውሮፕላን ሰማይ ላይ እንዳለ ከመቆጣጠሪያው ጋር ያለው መስመር ተቋረጠ። ሞተሩ እንደጮኸ ዓባይን ተሻግሮ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ገዛኸኝ ቤት እንደገባ እህል ሳይቀምስ የራሱን አስተካከለ። መስመር ሲጠፋ አውሮፕላኑ ምን ያድርግ? ይህን አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል አሉ። ማራገቢያውን ነቅሎ አውሮፕላኑን አሳቀፈኝና መቆጣጠሪያውን ድርግም አደረገው። ሞተሩ ጸጥ አለ፣ ጅራቱ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ቀረ።

«ይኸው፣ ሩቅ ሳይሄድ እየዞረ ይወርዳል» አለ።

«ወደ እኔ ተመለስ ብለህ ለምን አታዝዘውም?»

«ያለሁበትን በምን ያውቃል? ያለሁበትን ሳያውቅ ልመለስ ቢል ሰው ይፈጃል። ይሄ መሬት ላይ ሆነሽ፣ በሰላሙ ጊዜ የምትወስኚው ነገር ነው፤ ሰማይ ላይ ከጠፋ በኋላማ ማን ይሰማሻል!»

በዚያ ሰሞን ከተማው ወታደር በወታደር ሆኖ ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ እንዲህ አለኝ፦ «ምንዳዬ፣ አንድ ነገር ተፈጥሮ የስልኩ ሸበካ ቢጠፋ፣ በስልክ ካጣሽኝ፣ ሁለት ቀን ጠብቂኝ። ከዚያ ልጅቷን ይዘሽ ገዳሪፍ እህትሽ ጋ ሂጂ። እኔን ፍለጋ ባሕሪ እንዳትመጪ። እኔ እደርስባችኋለሁ።»

«አውሮፕላን መሰልኩህ እንዴ?» አልኩት።

«በገሊላ ማይልኝ» አለ። አልሳቀም። ማልኩለት። ከማልኩለት በኋላ ግን ሳቀና «አውቅሻለሁ፣ ግማሽ መንገድ ሄደሽ ትመለሻለሽ» አለኝ።

የፈሩት ይደርሳል። ቀዳም ሥዑር ጠዋት «የደንበኛ ቴሌቪዥን አስረክቤ ዶሮ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ወደ ባሕሪ ሄደ። እኔና ገሊላ ቄጠማችንን ጭንቅላታችን ላይ እንዳሰርን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መሬቱ በመድፍ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደወለ። «የወንዙ ኮብሪ ተዘግቷል፣ መሻገር አይቻልም፣ እኔ ደኅና ነኝ፣ ያን የተባባልነውን…» ሲል ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ብደውል ብደውል የለም። መብራት ጠፋ፣ ውኃ ጠፋ፣ ፋሲካውም የት እንደገባ እንጃ።

ባሕሪ እኮ ሩቅ አይደለም! ሰገነታችን ላይ ወጥቼ ወንዙን አሻግሬ ጭሱን አየዋለሁ። ከዚያ ጭስ ሥር ባሌ አለ። እግሬ ሂጂ ሂጂ ይለኛል፤ ያለበትን በምን አውቃለሁ? ሁለቱ ቀን አለፈ። በማግስቱ ማለዳ ጎረቤታችን ረባብ በሩን ደበደበች። «ያላ ምንዳዬ፣ ሐፍላ ተገኝቷል፣ ውጡ!» እሷ የታመመች እናቷን ትታ መሄድ አልቻለችም። ቁልፉን ሰጠኋት፣ ገሊላን ጎትቼ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ሜዳኒ ስንደርስ ልቤ ተመለሽ አለኝ። ወደ ካርቱም የሚመለስ መኪና ፊት ለፊቴ ቆሟል፣ ሾፌሩ ይጣራል። አንዱን እግሬን አንሥቼ ነበር። ግን ምዬለታለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዝኩትን አደረግሁ፤ ገዳሪፍ ገባሁ።

ሁለት ዓመት እዚያ ተቀመጥን። ከካርቱም የመጣውን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ያየው የለም። ሞቷል ቢሉኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ እኔን የሚበላኝ ግን ሌላ ነው። ምናልባት ተሻግሮ መጥቶ፣ በሩን ተቆልፎ አግኝቶት፣ «ጥላኝ ሄደች» ብሎ ይሆን? ይህቺ ነገር ቀን እህል አላስበላችኝ፣ ሌሊት አላስተኛችኝ።

መንገዱ ሲከፈት ገሊላን ይዤ ቡሪ ተመለስኩ። ቤታችን ግድግዳው ብቻ ነው የቀረው፤ የመብራቱን ሽቦ ሳይቀር መዝዘው ወስደውታል። ረባብ እናቷን ቀብራ፣ ተሰድዳ፣ ገና መመለሷ ነበር። ስታየኝ ሮጣ አቀፈችኝና ለቅሶዋን ለቀቀችው። ያን ጊዜ ገባኝ።

«መጥቶ ነበር?» አልኳት።

«እናንተ በወጣችሁበት ዕለት፣ ሲመሻሽ። በጀልባ ተሻግሮ።»

«ጥላኝ ሄደች አለ? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ላ ወላሂ! በሩን ሳመው። ‹ተመስገን፣ ወጡልኝ› አለ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደ። እኔም ተመስገን አልኩ። ምነው እዚያው ላይ በቅቶኝ ዝም ባልኩ!

«ታዲያ ለምን አልተከተለንም?»

ረባብ መሬት መሬቱን አየች። «በማግስቱም ሐፍላ ነበር። ሂድ አልኩት፣ እምቢ አለ። ‹ምንዳዬን አውቃታለሁ፣ ቃል አትሰማም። ግማሽ መንገድ ሄዳ ትመለሳለች። ስትመጣ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንባት› አለ። በየቀኑ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ መንገዱን ያይ ነበር። ውረድ ብለው አይሰማኝም። ጥይቱ ያገኘው እዚያው ሲጠብቅሽ ነው።»

የቀበሩት እሷና ወንድሟ ኢስማዒል ናቸው። እስከ መካነ መቃብር የሚያስኬድ ጊዜ አልነበረምና እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ የኒሙ ዛፍ ሥር አሳረፉት። «የእናንተን ጸሎት አናውቀውም፣ የእኛን ጸለይንለት» አለችኝ። እግሯ ላይ ወድቄ ሳምኳት። መቆጣጠሪያውን ወታደር ቢያገኘው ሰላይ ብሎ ሰው ይገድልበታል፤ ስለዚህ በላስቲክ ጠቅልለው አብረውት ቀበሩት። አውሮፕላኑን የወሰደው ወስዶታል።

ገሊላ ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ አፈሩን በእጇ ታስተካክላለች። «ባባ እየጠበቀን ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ለሁላችንም አስቀድሞ የወሰነ ሰው፣ የራሱን ውሳኔ በእኔ ምክንያት አፈረሰው። ሜዳኒ ላይ ያን መኪና ብይዝ ኖሮ በር ላይ ቆሞ አገኘው ነበር፣ እየሳቀ። ዕድሜ ልኬን እምቢ ስለው ኖሬ፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እሺ ብለው፣ አላመነኝም።

ገሊላ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ አፈሩ ላይ ተደፋሁ። «ምዬልህ ነበር እኮ» አልኩት። «አንተ ሞኝ፣ ምን ይሁን ብለህ ጠበቅኸኝ? ሰምቼህ ነበር። ገዛኸኝ፣ ሰምቼህ ነበር እኮ።»