ያልታረደው ዓሣ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከግራና ከተማ በላይ ደጋው ላይ ያለው ግድብ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። አደዩ ዳር ዳሩን ወርሶታል። ነፋሱ ከውኃው ላይ ሲነሣ ጉንጭ ይቆነጥጣል፤ ግን እንደ አክስት ቁንጥጫ ነው፣ አያስቀይምም። ዘይነባ ያን መስከረም ስታነሣ እስከ ዛሬ እጇን ታሻሻለች፤ ብርዱ ጣቷ ላይ የቀረ ይመስላታል።

ዘይነባ ማለት ባሏ ከሞተ ወዲህ ከግድቡ ሥር ጎመንና ሽንኩርት እያለማች ልጆቿን ያሳደገች፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ቀጭን ሴት ናት። ጎረቤቷ ሂሩት ክርስቲያን ናት። አጥራቸው አንድ ነው፤ አንዷ ስትወልድ አንዷ ታርሳታለች፤ የአንዷን ልጅ አንዷ አጥብታለች። ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከአንድ ሣህን ሥጋ በልተው አያውቁም። የአገር ወግ ነዋ! ለዒድ ዘይነባ ቤት ሲታረድ ለሂሩት ሽሮ ለብቻ ይሠራላታል፤ ለፋሲካ ደግሞ ሂሩት ለዘይነባ ክክ ወጥ ለብቻ ታቀርባለች። ማንም በማንም አይከፋም።

በዚያ መስከረም የሂሩት ልጅ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው፣ «እናቴን ወደ እኔ እወስዳለሁ» አለች። መኪናው እሑድ ይመጣል ተባለ።

«ከአንድ ሣህን ሥጋ ሳንቆርስ ልትሄጂ?» አለች ዘይነባ።

«ምን ይደረግ እህቴ? እኔ የናንተን አልበላ፣ አንቺ የኛን አትበዪ።»

«ዓሣስ?»

ስለ ዓሣ ማን አስቦ ያውቃል!

ግድቡ ውስጥ ባለሙያዎች የለቀቁት፣ ትራውት የሚሉት የብርድ ውኃ ዓሣ አለ። ጎኑ እንደ ጅግራ ደረት ነጠብጣብ ነው። ወንዶቹ በመንጠቆ ያወጡታል፤ ሴት ግን መንጠቆ ይዛ ታይታ አታውቅም። ዘይነባ ከመርሳ ገበያ መንጠቆ አስገዝታ፣ ሸምበቆ ቆርጣ፣ ከጎመኗ ሥር ትል ቆፍራ ረቡዕ ጠዋት ግድቡ ዳር ተቀመጠች።

«እትዬ ዘይነባ፣ ጎመንዎትን ውኃ ወሰደው እንዴ?» አለ ዓሪፍ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ።

«ጎመኔስ ደኅና ነው። አንተ ዘፈን ስትጀምር ዓሣው ራሱን ስቶ ይንሳፈፋል ሲሉኝ ልለቅም መጣሁ።»

ረቡዕ ምንም የለም። ሐሙስ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሸምበቆው ጎበጠ፤ ክንድ የሚያህል ዓሣ! እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። ዕድሜዋን ሙሉ ያልታረደ ሥጋ እሳት ላይ ጥላ አታውቅማ። ዓሣውን ባልዲ ውስጥ ከታ፣ ቢላዋን ይዛ፣ እዚያው ግድቡ ጫፍ ላይ ወደ ተቀመጡት ወደ ሼህ ኑርሁሴን ሮጠች።

«ሼህዬ፣ ሳይሞት ይባርኩልኝ!»

እሳቸው መልስ ሳይሰጡ ዓሣውን አውጥታ ወደ ቂብላ አዞረችው፤ አንገቱን ብትፈልግ፣ ብትፈልግ፣ ዓሣ ምን አንገት አለው? ስታገላብጠው ከእጇ ተስፈንጥሮ ወደ ውኃው ጭልጥ!

ሼሁ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «አንቺ ዘይነባ፣ ዓሣ እኮ ሞቶም ሐላል ነው፤ ቢላ አያሻውም።»

«ወይኔ! እኔ ሂሩትን ላበላ ነበር።»

«ለሂሩት ነው? እንግዲያው አልሐምዱሊላህ በይ! እኔ ቢስሚላህ ብዬ አርጄልሽ ቢሆን፣ የእስላም ሥጋ ነው ብላ እጇን ትሰበስብ ነበር። ማምለጡ በጀሽ።»

ዘይነባ ክው አለች፤ ቀጥላ እሷም ሳቀች። ግን ቀኑ አልቋል። ዓርብ ለሂሩት ጾም ነው፤ ዓሣም አትቀምስም። የቀረው ቅዳሜ ብቻ።

ቅዳሜ ሱብሒ ሰግዳ ወረደች። ዓሪፍ አያት፤ ያን ቀን አልቀለደም። የሐሙሱን ሰምቷል። ቦታውን ለቀቀላትና፣ «ውኃው ከሚገባበት አፍ ላይ ይጣሉ፤ ቀዝቃዛውን ይወዳል» አላት። ሦስት ሰዓት ሳይሆን ሸምበቆው ጎበጠ። ዓሣው ሣር ላይ እስኪረጋ ድረስ ዘይነባ ዐይኗን በሻሿ ሸፍና ቆመች፤ ቢላዋን ሆን ብላ ቤት ትታዋለች።

ድስቱ የማን ይሁን እንዳይባል በአጥሩ ሥር ፍም ላይ ጠበሱት።

«ማንም አላረደው?» አለች ሂሩት።

«በራሱ ነው የሞተው። ዓሪፍ ምስክሬ ነው።»

ሂሩት አማተበች፤ ዘይነባ ቢስሚላህ አለች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሂሩት አነሣች፤ እሾሁን በጣቷ ለቅማ ዘይነባን አጎረሰቻት። ዘይነባም መለሰችላት። ሂሩት አላምጣ አላምጣ፣

«ሠላሳ ዓመት የጓጓንለት ይኸ ነው? ጨው የለውም እኮ!» አለች።

አጥሩ እስኪነቃነቅ ሳቁ። ጨው መጣ። እሾሁ ብቻ ቀረ።

እሑድ ሂሩት ሄደች። ዘይነባ ሁለት ክረምት ብቻዋን ቆየች፤ ከዚያ የምትበላው አልጥም አላት። ባለፈው የካቲት ጎመኑን ለታላቅ ልጇ ትታ፣ ሂሩት ያለችበት ወልድያ ከዚያ በሚኒባስ ቅርብ ነው ብላ ወደ መርሳ ወረደች። አሁን መርሳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከልጇ ከናጅዋ ቤት ትኖራለች።