በቀይ የተሰመረበት ቃል

የያዙኝ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ውስጥ የአንድ ገበሬ ቁስል እያጠብሁ ሳለሁ ነው። ድሬሰር ነበርሁ። ፋሻውን እስክጨርስ ጠበቁኝና ሁለት ታጣቂዎች መሀል አድርገው ወሰዱኝ። ጥፋቴ ለሽፍታ መድኃኒት መስጠት ነው ተባለ። ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ገና ገብስ ገብስ ይሸታል። ከስሜን ተራራ የሚወርደው ብርድ በቆርቆሮው ስንጥቅ ይገባል። ከቆርቆሮው ማዶ ሴት እስረኞች ነበሩ።

በሦስተኛው ወር የእስር ቤቱ ኃላፊ፣ አንድ መቶ አለቃ፣ አስጠራኝ። ወደ ሱዳን በሚወስደው ቆላ ብቻዋን ስትሄድ የተያዘች አንዲት ሴት አለች አለኝ። ገበያ ላይ የሚያውቃት ነጋዴ እንዳለው፣ ከዳባት ወዲያ ካለ መንደር የመጣች ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቤተ እስራኤል። ከተያዘች ስምንት ቀን ሆኗታል፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

«አብዳ ይሁን እያስመሰለች፣ መርምረህ ጻፍልኝ» አለ። ደኅና አድርጌ ከጻፍሁ የኔንም ፋይል እንደሚያየው ነገረኝ። ደኅና ማለት «ታስመስላለች» ብሎ መጻፍ እንደሆነ ገብቶኛል።

ስለ አእምሮ ሕመም የተማርሁት ጥቂት ነው። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከኔ ትበልጣለች፤ እግሯ ተሰነጣጥቆ መግል ይዟል። ለብ ያለ ውሃና ጨው ለምኜ ሁለት ቀን እግሯን አጠብሁላት። «እትዬ፣ አመምሁዎት?» ከማለት በቀር አልጠየቅኋትም። የሴቶቹ ክፍል እስረኞች ከእሷ ጋር አይበሉም ነበር፤ ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ይበላል እያሉ ይሸሿታል።

በሦስተኛው ቀን ውሃውን እያየች ተናገረች።

«ስድስት ዓመቷ ነበር።»

ልጇ፣ ቤተሰቡ ተደብቆ ወደ ሱዳን ሲሄድ፣ በአራተኛው ቀን መንገድ ላይ በትኩሳት ሞተችባት። መንገድ መሪው ለመቆም አልፈቀደም፤ ድንጋይ ከምረውባት ሄዱ። በማግስቱ እናትየው ባሏንና ሌሎቹን ልጆቿን ትታ፣ ብቻዋን ወደዚያ የድንጋይ ክምር ስትመለስ ተያዘች።

«ሰባት ቀን እንኳ አልተቀመጥሁላትም» አለችኝ።

የልጇን ስም ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ያን ዕለት እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ አላበደችም፤ እያስመሰለችም አይደለም። ልጇ መንገድ ላይ ሞታባት ሐዘን ሳትቀመጥ ቀርታለች፤ ወደ ዘመዶቿ ትመለስ። ወረቀቱን ስሰጥ፣ እውነት ልናገር፣ ኮርቼ ነበር። ነፃነቴን በውሸት ያልለወጥሁ መሰለኝ።

መቶ አለቃው ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀይ እስክሪብቶ አነሣና «መንገድ ላይ» ከሚለው ሥር አሰመረ።

«በየትኛው መንገድ? ከነማን ጋር?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሷ ቆላ ውስጥ ጠፍታ የተገኘች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ዝም ያለችው ባሏና ልጆቿ ገና መንገድ ላይ ስለሆኑ ነው። በዝምታዋ የደበቀችውን እኔ ጻፍሁባት።

ከራሴ ጨምሬ የፈጠርሁት ነው አልሁት። ታጣቂዎቹ ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ፈጠርሁት ከማለት አልወጣሁም፤ ግን ወረቀቱ በእጃቸው ነው።

በማግስቱ እየተንፏቀቅሁ ወደ ተቀመጠችበት ሄድሁ።

«እትዬ፣ የነገሩኝን ጽፌዋለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ባሌንና ልጆቼንም?»

«እነሱን አልጻፍሁም።»

«እንግዲያ ከዚህ በኋላ ዝም በል» አለች። አልሰደበችኝም። በሰደበችኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሴቶቹ መካከል ልጃቸው ጫካ ስለገባ የታሰሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ምግብ ሲያከፋፍሉ ጠብቄ ልጇ እንደሞተችባት ነገርኋቸው፤ ሌላ አልጨመርሁም። እሳቸውም ከሚሸሿት አንዷ ነበሩ። ሣህናቸውን አስቀመጡና «በእነሱ ወግ ስንት ቀን ነው የሚቀመጡት?» አሉኝ። ሰባት አልኋቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ሁሉ ዙሪያዋን መሬት ላይ ተቀመጡ። ጮኾ ማልቀስ ስለሚያስቀጣ ድምፅ አልነበረም። በቆርቆሮው ስንጥቅ አየኋቸው፦ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አገጫቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። አሮጊቷ ከአንድ ሣህን አብረዋት በሉ።

በአምስተኛው ቀን የጭነት መኪና መጥቶ ወደ ጎንደር ወሰዳት። አሮጊቷ የራሳቸውን ጋቢ አለበሷት። ከዚያ ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። የቀሩትን ሁለት ቀኖች ያለ እናትየው ለልጅቷ ተቀመጡላት።

እኔ ዓመት ከሁለት ወር ቆይቼ ወጣሁ። መንደሯን ፈልጌ ሄድሁ፤ ቤቶቹ ባዶ ነበሩ። ባልየው ልጆቹን ይዞ ተሻግሯል አለኝ አንድ የአጎራባች መንደር ገበሬ። ስለ እሷ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬም አላውቅም።

አሁን አርጅቻለሁ። ዳባት አጠገብ ስደተኞች ከሰፈሩ ወዲህ፣ ያዘኑትንና የተጨነቁትን የሚያናግሩት ወጣት ባለሙያዎች አንዳንድ ቀን እንዳግዛቸው ይጠሩኛል። ጥያቄዎቹ የታተሙበት ቅጽ አላቸው፤ ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ወረቀቱን እነማን እንደሚያነቡት ለሚጠየቀው ሰው እነግረዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት በአስተርጓሚ «የምነግርህን ሁሉ ትጽፈዋለህ?» አለችኝ።

«ካልፈለጉ አልጽፈውም» አልኋት።

ቅጹን ወደ ጎን አደረግሁት። ብዙ ሳትናገር ቆየች፤ እኔም አብሬያት ተቀመጥሁ።