ለስልኩ «እርስዎ»፣ ለእኔ «እህ»

ባለቤቴ ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሰላም ሲል ደሜ ይፈላል። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ አንድ ነገር ላማክርዎ ብዬ ነው።» ይህን ሁሉ የሚለው ለሰው አይደለም፤ ቻትቦት ለሚሉት ነገር ነው። ያም «እንደምን አደሩ! በምን ልርዳዎት?» ብሎ ይመልስለታል። አማርኛው አንዳንዴ ይንሻፈፋል፣ ትሕትናው ግን አይጓደልም። እኔ ሻይ ይዤለት ስወጣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «እህ» ይለኛል። ደህና አደርሽ የለ፣ እጅሽ ይባረክ የለ። እህ።

የሚጽፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ ነው የሚጽፈው። መሥሪያ ቤት ሳለ ደብዳቤ ሲያረቅቅ የለመደው ነው፣ ጡረታም አላስተወውም። ቤታችን ወሰን ሰፈር ውስጥ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀጠቀጥ ይውላል። የእሱን ድምፅ ግን ማድቤት ሆኜም አጥርቼ እሰማዋለሁ።

ቻትቦቱን የጫነችለት ልጃችን ናት። ጡረታ ወጥቶ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ አሳዘናትና፣ አጠገቡ ተቀምጣ አስተማረችው። «አባዬ፣ እንዲሁ ዘለህ አትጠይቀው። መጀመሪያ ማን እንደሆንክ፣ ምን እንደገጠመህ ንገረው። የመለሰውን እስከ መጨረሻው አንብብ። ካልገባህ መልሰህ ጠይቀው።» ይህችን ምክር እንደ መንግሥት መመሪያ ያዛት። ነገሩን ከሥሩ ያስረዳል፣ ሲመለስለት ይታገሳል፣ «ይህን በሚገባ አልተረዳሁም፣ ቢያብራሩልኝ» ይላል፣ ሲያበቃ ያመሰግናል። ሠላሳ ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ጨዋታ አዋቂ ሰው እዚያው በረንዳዬ ላይ ተገኘ። ግን ከእኔ ጋር አይጨዋወትም።

የጉልበቴን ነገር ልናገር፤ እሱን ካላወጣሁት ያንቀኛል። ጉልበቴን ሲያመኝ ከርሞ ክሊኒክ ሄድኩ። ስመለስ ሐኪሙ ያለኝን ልነግረው ጀመርኩ። «እህ» አለኝ፣ ከዚያ «እንጀራ አለ?» አለኝ። እንጀራውን አቀረብኩለት። በማግሥቱ በረንዳው ላይ ምን ሲል ብሰማው ጥሩ ነው? «ባለቤቴ ቀኝ ጉልበቷን ያማታል። ደረጃ ስትወጣ ደህና ናት፣ ስትወርድ ግን ግድግዳ ትይዛለች። ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ትንሽ ቆማ ነው የምትራመደው። ያመመኝ አትልም እንጂ ፊቷ ያስታውቃል።» ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ግድግዳ መያዜን አይቷል! ጠዋት መቆሜን አይቷል! ያልታየሁ መስሎኝ ስብከነከን የኖርኩት ሴትዮ ለካ በደንብ ታይቻለሁ፤ የሚነገረው ግን ለሌላ ነው። ከአለመታየት ይልቅ ይኼኛው አናደደኝ።

የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚባል ባል ድሮም ነበር። ያኛው ግን ቢያንስ ከቤት ይወጣ ነበር። የእኔው እቤቱ ተቀምጦ ነው የውጭ አልጋ የሆነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከልጁ ጋር ተኳርፏል። ልጃችን ጥሩ ባንክ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ተነስታ ለቀቀችና ቅዳሜና እሁድ ሰው ሰብስባ እንጦጦ ጫካ በእግር ማዞር ጀመረች። ሃይኪንግ ይሉታል፣ ሰው ከፍሎ ይደክማል። ባለቤቴ ሲሰማ፣ «እኛ የምናውቀው እንጦጦ የሚወጣው እንጨት ለመልቀም ነው። ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» አላት። እሷም የአባቷ ልጅ ናትና መልስ አልሰጠችም። ኩርፊያ ገባ።

እኛ አገር ኩርፊያ ማለት ዝም መባባል ብቻ አይደለም። በሦስተኛ ሰው መነጋገርም ነው፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ሁልጊዜ እናት ናት። አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን፣ «ለልጅሽ ንገሪያት፣ የበሩን ቁልፍ ይዛ እንዳትወጣ» ይለኛል። ልጅሽ! የእሱ ያልሆነች ይመስል። እሷም ሰምታ፣ «ለአባዬ ንገሪው፣ ቁልፉ ቦታው ላይ ነው» ትላለች። መሶቡ ላይ እጃቸው ሊጋጭ ይደርሳል፣ ቃላቸው ግን በእኔ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። እኔም ስድቡን እየቆረጥኩ፣ «ትንሽ ከፍቶት ነው እኮ» እያልኩ እያለሰለስኩ አደርሳለሁ። ያለሰለስኩበትን የሚያመሰግነኝ አልነበረም።

በዚህ መሀል ሽማግሌ ተላከብን። ሽማግሌ የላከውን ወጣት ልጄ አስተዋውቃኝ አውቀዋለሁ፤ ላምበረት ከአውቶቡስ ተራው አጠገብ ዕቃ ወደ ክፍለ ሀገር የሚልክበት ሱቅ አለው። ወላጆቹ ከየካ ተራራ ሥር፣ ድሮ ሲያርሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ እሁድ ጠዋት መጥተው ነገራቸውን አቀረቡ። ባለቤቴም እንደ ወጉ፣ «ከቤተሰቤ ጋር ልምከርበት» ብሎ ቀጠሮ ሰጣቸው።

ልጄ የዚያኑ ዕለት ማድቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች። «እማዬ፣ ስሚኝ። አባዬ ራሱ ይጠይቀኝ። 'አባትሽ ምን ትያለሽ ብሏል' ብለሽ ከመጣሽ አልመልስልሽም። እሱ ሳይጠይቀኝ ቀጠሮው ከደረሰ እኔና እጮኛዬ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርማለን። ምርቃቱም ይቅርብኝ።» ይቅርብኝ ስትል ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። የምትዝት መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየለመነች ነው።

ከቤተሰቤ ጋር ልምከርበት ያለው ሰውዬ ከማን ጋር እንደመከረ ይገመታል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የታጠበ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ስወጣ ድምፁ መጣ። «ለልጄ ሽማግሌ ተልኮልኛል። ምን መልስ ልስጥ?» ብሎ ስለ ጠያቂው ልጅ ሥራ፣ ስለ ወላጆቹ፣ ስለ ሁሉም ዘረዘረ። ከዚያ የቻትቦቱን መልስ አነበበ። «እንኳን ደስ አለዎት። ከመመካከራችን በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ ልጅዎ ራሷ ምን ትላለች?»

ከጋራዡ በኩል ያለው መዶሻ ብቻ ነው የሚሰማው። ቆይቶ፣ «አልጠየቅኳትም» ብሎ እያነበበ ጻፈ። «አንነጋገርም። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም።»

እርጥብ አንሶላ ትከሻዬ ላይ እንዳለ በረንዳው ላይ ወጣሁ።

«ይህን ጥያቄ እኔ ስንት ጊዜ ጠየቅኩህ? ልጅህን አነጋግራት ብዬ ስንቴ ለመንኩህ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ጮኸሽብኛል እንጂ» አለኝ፣ ረጋ ብሎ። «አንቺ ስትጠይቂ መልሱን ይዘሽ ነው የምትመጪው። እኔ አፌን ሳልከፍት ጥፋተኛ ሆኜ ነው የምጠብቅሽ። ይኼ አይጮህም።»

«ምን ያስጮኸዋል! ሽሮ አያማስል፣ ካልሲ አይፈልግልህ፣ በአባትና በልጅ መሀል እንደ ድልድይ አይረገጥ! እኔም እንደሱ ምንም ሳልሠራ ብውል ድምፄ እንደ ማር ይሆን ነበር!»

አንሶላውን ወርውሬበት ገባሁ። ስልኩንም እሱንም ሸፈነው።

መልሱን ይዘሽ ትመጫለሽ ያለው ግን ከነከነኝ፤ ውሸት ቢሆን አይከነክነኝም ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጄን ስልኳን ተቀብዬ እኔም ቻትቦቱን ከፈትኩት። ሰላም አላልኩትም። «ባሌ ለምን አያናግረኝም?» ብዬ ጻፍኩ። «ይህ የሚያሳዝን ሁኔታ ነው። ትንሽ ሊያብራሩልኝ ይችላሉ?» አለኝ። «ምን ይብራራል!» ብዬ ስልኩን መለስኩላት።

ልጄ ሳቀች። «እማዬ፣ እሱ ሳትነግሪው አያውቅም እኮ። አንቺ ሳትነግሪው የሚያውቅልሽ ነው የምትፈልጊው።»

«አዎ!» አልኳት። «ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የተኛ ሰው ማወቅ አለበት!» አሁንም ይህንን አልለቅም። ስልክ ከነገርኩት በላይ ባያውቅ አይፈረድበትም፣ ትናንት የመጣ ነው። አብሮኝ ያረጀ ሰው ግን ከዜሮ አስረጂኝ ሲል ያናድዳል። ቢሆንም እሱ ጉልበቴን እንዳወቀ፣ ማወቁን ግን እንዳልነገረኝ አሰብኩ። እኔም ለካ ስለ እሱ የማውቀውን አልነግረውም፤ ለጎረቤት ነው የማማው።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ባለቤቴ የልጃችንን በር አንኳኳ። በገዛ ቤቱ! ኮቱን ለብሷል። በሩን ስትከፍትለት ቢሮ እንደገባ ሰው ቆሞ፣ «እንደምን ዋልሽ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው፣ ጊዜ ካለሽ» አላት። ለስልኩ የሚላትን ሰላምታ እንዳለች ነው ያወረዳት። ልጄ ልትስቅ አፏን ከፈተችና አለቀሰች። እሱ ደንግጦ ዙሪያውን አየ፤ እኔን እየፈለገ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እንዳስታርቅ። ማድቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከእንግዲህ ቃል አላመላልስም አልኩ።

ቅዳሜ ሦስታችንም እንጦጦ ወጣን። «የምሠራውን ላሳይህ» ብላው ነው። እኔ ጉልበቴ ስላልፈቀደልኝ ከመንገዱ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ እነሱ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ከሩቅ ሰማኋቸው። እሷ ባንክ ውስጥ እንዴት ትታፈን እንደነበር፣ አለቃዋ ሰው ፊት እንዴት ያዋርዳት እንደነበር ትነግረዋለች። እሱ «ከዚያስ?» ይላል። ትናገራለች። «እሺ፣ ከዚያስ?» አላቋረጣትም፣ አልመከራትም፣ እንዲህ ማድረግ ነበረብሽ አላላትም። ደስ አለኝ፤ አምላኬን አመሰገንኩ። ወዲያው ደግሞ አንጀቴ ተቃጠለ። ከዚያስ! ይህች ቃል አፉ ውስጥ ነበረች ማለት ነው? ስንቱን ወሬ ጀምሬ እህ ብሎ ያስቀረብኝ ሰው!

እየተሳሳቁ አጠገቤ ደረሱ። አንዳቸውም ብርዱን እንዴት ቻልሽው አላሉኝም። ሁላችንም የተግባባን ይመስል ታክሲ ይዘን ወረድን።

ቀጠሮው ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ሳሎን ውስጥ ቆሙ። ይህ ወግ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ ተቀመጡ ቢሉት አይቀመጥም። እኔ ለሽማግሌዎቹ የጋገርኩትን ዳቦ ይዤ በማድቤቱ በር ላይ ነኝ፤ የእናት ቦታ እዚያ ነው ተብሎ። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እውነት ለመናገር አምሮ ተናገረ።

«ልጄን ራሴ ጠይቄያታለሁ» አለ። «በማንም በኩል አይደለም፣ ፊት ለፊት። ያለችኝንም እስከ መጨረሻው አዳምጫለሁ። ልጁን ወዳዋለች፣ እኔም ደስ ብሎኛል።»

ሽማግሌዎቹ ፊታቸው በራ። ከሁሉም በዕድሜ የገፉት፣ አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ የሚሸት አባት፣ ወደ እኔ አየት አድርገው፣ «የልጅቷ እናትስ?» አሉ።

«እሷማ ምን ትላለች» አለ ባለቤቴ። ዘወር ብሎም አላየኝ። «ደስ ብሏታል።»

«አልተጠየቅኩም» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። እንኳን ሽማግሌ ፊት፣ ሰርግ ላይም እንዲህ ያለች እናት አላየሁም። ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ አፏን በእጇ ያዘች። የባለቤቴ ጆሮ ቀላ። እኒያ አባት ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እውነቷን ነው፤ ትጠየቅ እንጂ» አሉ።

ባለቤቴ ዞረ። ዞሮም አየኝ።

«አንቺስ» አለ፤ ድምፁ ቀነሰ፤ «ምን ትያለሽ?»

ስለ ጋብቻው ምንም ተቃውሞ አልነበረኝም። ልጁ ጨዋ ነው፣ እወደዋለሁ። አዎ ብል በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ለራሴ ወንበር ሳብኩ።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አልኩ። «የእኔ ረጅም ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና አንድ በአንድ ተቀመጡ። ባለቤቴ ብቻ እንደቆመ ቀረ።

«አንተም» አልኩት።