ከጸሎት ላይ የተነሡት ሰዎች

በልጅነቴ ሰበታ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር የግቢው ልጆች ሁሉ ኦቦ ገመቹ ዘንድ እንሰበሰብ ነበር። ኦቦ ገመቹ አከራያችን ናቸው፤ ዓይነ ስውር፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር። በወጣትነታቸው አሜሪካ ተምረዋልና ሌሎች ሽማግሌዎች የጅብና የቀበሮ ተረት ሲነግሩ እሳቸው የሚያወሩልን ስለዚያ አገር ነበር። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ የፍሙ ብርሃን ፊታቸው ላይ እየተወዛወዘ፣ በእግዚአብሔር መታመናቸውን ገንዘባቸው ላይ ሳይቀር ስለጻፉ፣ መንግሥታቸው ግን የማንንም ሃይማኖት የራሱ እንዳያደርግ በሕግ ስለከለከሉ ሰዎች ያጫውቱናል። ያኔ ግማሹ አይገባኝም ነበር፤ ድምፃቸውን ግን እወደው ነበር።

አንድ ምሽት ገና ሳይጀምሩ ጆሯቸውን ወደ እኛ አዘንብለው ሲፈን የት እንዳለች ጠየቁ። ሲፈን የጎረቤታችን ልጅ፣ የልብ ጓደኛዬ ናት። እነሱ ጴንጤ ናቸው፤ እኛ ኦርቶዶክስ። ያን ቀን ገመድ ስንዘል ተጣልተን ነበር።

«ጴንጤ ስለሆነች ከእንግዲህ አትምጪ ብያታለሁ» አልኳቸው፤ የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ።

አልተቆጡኝም። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ይነግሩን ጀመር። ባርነት ገና በነበረበት ዘመን ነፃ የወጡ ጥቂት ጥቁሮች ከነጮች ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይጸልዩ ነበር። አንድ እሑድ ተንበርክከው ሳሉ፣ ነጮቹ ቦታው የእናንተ አይደለም ብለው ክንዳቸውን ይዘው አስነሷቸው፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቋቸውም። የባሮች ጌቶች ባርነት ትክክል ነው ለማለት መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቅሱ ነበር፤ ባሮቹም ነፃ እንደሚወጡ ተስፋ ያገኙት እስራኤል ከግብፅ መውጣቱን ከሚናገረው ከዚያው መጽሐፍ ነበር።

«የተነሡትስ ተመለሱ?» አልኳቸው።

«አልተመለሱም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ኋላ የልጅ ልጆቻቸው ለመብታቸው ሰልፍ ሲወጡም የተነሡት ከእንደዚያ ዓይነቶቹ ቤተ ክርስቲያኖች ነው።»

ሌሎቹ ልጆች ስለ ሰልፉ ጠየቁ። እኔ ጆሮዬ ላይ የቀረው አልተመለሱም የሚለው ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሲፈን ቤት ሄድኩ፤ አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን እናቷ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርኩ። የዚያኑ ምሽት መብራት ሲጠፋ መጣች። ኦቦ ገመቹ ሳንነግራቸው እርምጃዋን ለይተው ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመሩላት። የተንበረከኩት ሰዎች ጋ ሲደርሱ ሲፈን ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔ ፍሙን ፍሙን አየሁ። ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

ኦቦ ገመቹ ካረፉ ቆይቷል። አጥፍተሻል ብለው በአንድ ቃል ሊጨርሱት ይችሉ ነበር። ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲሉ ግን ያን ሁሉ ባሕር ተሻገሩ፤ ጥፋቴንም እዚያ ማዶ አሳይተውኝ፣ እኔው ራሴ ይዤው እስክመለስ ጠበቁኝ።