የኸዋጃ ሊ ቤት ቀይ ፋኖስ

በፖርት ሱዳን ባሕር ዳር ያለውን የቻይናውን ቤት ጦርነቱ ዘጋው ይባላል። አልዘጋውም። ይህን የምጽፈው እዚያው ተቀምጬ ነው። ሾርባው ይፈላል፣ ሸክላው ይዘፍናል፣ መርከበኛው ይጨፍራል። የጠፋው ፋኖሱ ብቻ ነው። በፋኖሱ ምክንያት ግን ሚስቴን አጥቼ ይሆናል፤ ስለዚህ የቤቱን ታሪክ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ስደተኛ ሁሉ በሌሊት ወጣሁ ማለት ይወዳል። እኔ ከመተማ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ጣልያን ከገባ ወራት አልፎት ነበር። ለሸፈቱት ልጆች ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ካሳ የሚባል ሰው ማነው እያለ ያጠያይቃል፤ ካሳ እኔ ነኝ። ባለቤቴ ዘርፌ አብራኝ ልትወጣ ተሰናድታ ሳለ ሰሊጡ ደረሰ። ሰሊጥ ያመረታችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጥቂት ቀን ከዘገያችሁበት ፍሬው አፉን ይከፍትና የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይፈሳል።

«ጣልያን የሚፈልገው አንተን ነው፤ እኔን የሚፈልገኝ ሰሊጡ ነው። ሂድ» አለችኝ። በዋዜማው አውራ ጣቷን ማጭድ ቆርጧት በጨርቅ ጠምጥማዋለች። «ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። አጭጄ፣ አራግፌ እመጣለሁ።»

አመንኳት።

የሱዳኗ ገላባት ከደረቁ ወንዝ ማዶ ናት፤ የመተማ ውሻ ሲጮኽ እዚያ ይሰማል። የእንግሊዝ መንግሥት ጸሐፊ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ስም?»

ጣልያን ከወንዙ ማዶ ጆሮውን የጣለ መሰለኝና የጎረቤታችንን ስም ሰጠሁ፤ «ወርቁ።»

«ሥራ?»

«ስደተኛ።»

«ስደተኛነት ሥራ አይደለም።»

«ጌታዬ፣ ዛሬ መጀመሬ ነው።»

አስተርጓሚው ሳቀ። ጸሐፊው «ሥራ ፈት» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት። ማኅተም ያረፈበት ውሸት ከእውነት የበለጠ እንደሚከበር ያን ዕለት ተማርኩ።

ከገዳሪፍ በባቡር ፖርት ሱዳን ገባሁ። ሙቀት ለምጃለሁ ብዬ ስኮራ ነበር። የመተማ ሙቀት ያቃጥልሃል፣ ከዚያ ይተውሃል። የባሕሩ ሙቀት ግን እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይጠመጠምብሃል፤ ጥላ ሥር ብትገባም አይለቅህም። በሦስተኛው ቀን ርቦኝ ስዞር ከአንድ የቆርቆሮ ቤት የሰሊጥ ዘይት ሸተተኝ። ዓይኔን እንባ ሞላው። የቤቱ ጌታ ከመርከብ ወርዶ የቀረ ቻይናዊ ወጥ ቤት ነው፤ ስሙ ሊ ነው፤ ሱዳን የውጭ አገር ሰውን ሁሉ ኸዋጃ ስለሚል፣ ሰው ኸዋጃ ሊ ይለዋል። ዓረብኛው ከእኔ ይብሳል።

«ብላ» አለኝ ሰሃኑን እየገፋ።

«ዶሮውን ማን አረደው?»

«ማንም። አንገቱን ጠመዘዝኩት።»

ተነሣሁ።

«ምን ሆንክ? ሞቷል እኮ!»

ወደብ ላይ የሚሠሩት ያገሬ ልጆች በደጁ እያሸተቱ የሚያልፉት ለምን እንደሆነ አስረዳሁት። ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን ካልሆነ አይቀምስም።

«ለአንድ ዶሮ ሁለት አራጅ?»

«ለሁለት ዶሮ» አልኩት።

እኔ ለክርስቲያኖቹ፣ ዑስማን የሚባል የገላባት ሰው ለሙስሊሞቹ አራጆች ሆነን ተቀጠርን። ሁለት ድስት፣ ሁለት በር። በእኛ በር ላይ ቀይ የወረቀት ፋኖስ፣ በእነዑስማን በር ላይ አረንጓዴ ተሰቀለ። መካከል ባለው አዳራሽ ኸዋጃ ሊ ግራሞፎን አቆመ፤ መርከበኛውና የእንግሊዝ ሹም ማን እንዳረደው ሳይጠይቁ በልተው ይጨፍሩ ጀመር። ናይት ክለብ የሚሉት ነገር የተጀመረው እንዲህ ነው። ሥልጣኔም አራጁን አለመጠየቅ መሆኑ የገባኝ እዚያ ነው።

ሁለቱ ሳምንት ዓመታት ሆኑ። ለኸዋጃ ሊ ሰሊጥ የሚያመጡት ሐጂ እድሪስ መተማ ይመላለሱ ነበር። ሁለቱንም ስሜን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ሐጂ፣ ዘርፌን ካገኟት ፖርት ሱዳን ባሕሩ ዳር ቀይ ፋኖስ ያለበትን በር ትፈልግ ይበሉልኝ።»

«አዲሱን ስምህንስ ልንገራት?»

«አይሆንም። ስም ከአፍ ያመልጣል። ፋኖሱን ግን የማያይ የለም።»

«የተማርክ ትመስለኝ ነበር» አሉኝ።

በተመለሱ ጊዜ መልእክቱን አድርሰው፣ መልሷን ይዘው መጡ። «ሰሊጡ ደርሷል፣ ከአጨዳ በኋላ» ብላለች። ሳቅሁ። ከዚያ ድንበሩ የጦር ሜዳ ሆነና ሐጂንም ዳግመኛ አላየኋቸው።

አንድ የእንግሊዝ መኮንን መጣ። «ፋኖሶቹን አውርዱ፤ የጣልያን አውሮፕላን ያያቸዋል።»

«ጌታዬ፣ እኔም የሰቀልኩት እንዲታይ ነው» አልኩ። ሁለቱም ወረዱ።

በቅርቡ ጣልያን መተማን ለቀቀ፤ መንገዱ ተከፈተ አሉ። ባለፈው ሳምንት ዑስማን ዶሮ እየነጨ እንዲህ አለኝ፤ «ወርቁ፣ ትናንት አንተ ሳትኖር አንዲት ያገርህ ሴት መጥታ ነበር። ቀይ ፋኖስ ያለበት ቤት የቱ ነው አለችኝ። ማንን ፈለግሽ ብላት፣ ካሳን አለች።»

«ምን አልካት?»

«ካሳ የሚባል እዚህ የለም አልኳት። አለ እንዴ?»

አራት ዓመት አብረን ዶሮ ስናርድ ስሜን አልነገርኩትም።

«ጣቷን አይተሃል?»

«ውሃ ስሰጣት አይቻለሁ። አውራ ጣቷ ላይ ጠባሳ አለ።»

ቢላዬን ጥዬ ባቡር ጣቢያ ሮጥኩ። ከዚያ ስደተኛ ወደሚመዘገብበት ቢሮ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ።

«ዘርፌ የምትባል ተመዝግባለች። ባሏን አጥታ ወደ ገዳሪፍ ተመልሳለች። አንተ ምኗ ነህ?»

«ባሏ ነኝ።»

«ባሏ ካሳ ነው። አንተ ወርቁ ነህ። የሰው ሚስት ምን ታደርግልሃለች?»

ካሳ እኔ ነኝ አልኩት። ይህን ከማለቴ በፊት መሄድ እችል ነበር። አሁን ሁለት ስም ያለው ሰው ሳይጣራ ከከተማው አይወጣም ተብዬ ወረቀቴ ተወስዷል። ሁልጊዜ በጨለመው በር ላይ ቆሜ ከጣቢያ የሚመጣውን ሰው ፊት አያለሁ።

ይህን ጽሑፍ ይዘው ወደ አገር የሚገቡት ነጋዴዎች ናቸው። በመተማ፣ በኮኪት፣ በገንዳ ውሃ የምታነቡ ሁሉ፣ አታልቅሱልኝ። አውራ ጣቷ ላይ የማጭድ ጠባሳ ያለባትን ዘርፌን ፈልጉና ንገሩልኝ፤ ወርቁ ካሳ ነው፣ ሰሊጡን ትተወው።