የአባቴ ብርድ

አባቴ ስለ ብርድ ሲያወራ ስለ ሀብታም ዘመዱ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው። ነገሌ ላይ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ በራችን ላይ ካለችው ጥላ ሥር ተቀምጦ በካርቶን ቁራጭ ፊቱን እያራገበ «እኛ አገር እኮ» ብሎ ይጀምራል። እነሱ አገር እንስራ ውስጥ ያደረ ውኃ ጠዋት ረግቶ ይገኛል። እነሱ አገር ፊት የሚታጠቡት በረዶ ሰብረው ነው። እነሱ አገር ሰው በብርድ ይጠነክራል እንጂ አይታመምም። እናቴ ነገሌ ተወልዳ ነገሌ ያደገች፣ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ትንፋሽ የምትናገር ሴት ናት። «ያ ዋቃ! አምላኬ! ታዲያ ትንሽ አስልክልና» ትለዋለች።

አባቴ ነገሌ የመጣው ወታደር ሆኖ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጓደኞቹ ወደየአገራቸው ሲበተኑ፣ እሱ አግብቶ እኔን ወልዶ ስለነበር በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ተቀጠረ። ለጊዜው ነው ብሎ። ለጊዜው የተባለው ሃያ ምናምን ዓመት ሆነና ጡረታው ደረሰ፤ ያኔ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ቤቱን ሸጦ፣ እናቴን ይዞ፣ ሰሜን ወዳለው የትውልድ መንደሩ ሊገባ ቆረጠ። ገዢ እንኳ መጥቶ ግድግዳውን እያንኳኳ አይቶ ሄደ። እናቴ ሁለት ቀን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ለእሷ ከዚያ በላይ ቁጣ የለም።

በዚህ ጥፋት የእኔም እጅ አለበት።

ከማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥቼ ቦሬ መመደቤን ስነግረው አባቴ ብድግ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። «ደጋ ደረሰሽ! ደምሽ የደጋ ነው፤ ገና ስትደርሺ ሰውነትሽ ያውቀዋል» አለኝ። እኔም ሞኟ በደሜ ተማምኜ በነጠላ ጫማና በስስ ሻሽ ተሳፈርኩ። ወደራን አልፈን፣ አዶላን አልፈን ሽቅብ መውጣት ስንጀምር፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምንም ሳይነጋገሩ አንድ በአንድ ከየሻንጣቸው ጋቢና ሹራብ ያወጡ ገቡ። እነሱ የሚያውቁት፣ እኔ የማላውቀው ነገር እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው። ቦሬ ስወርድ ከጉሙ የተነሣ መናኸሪያው ራሱ አልታየኝም። ደሜም ምንም አላወቀም።

የመጀመሪያው ውርደቴ የመጣው ግን ከጨዋነቴ ነው። ነገሌ እንግዳ የሚከበረው ቤት በማቀዝቀዝ ነው። በርና መስኮት ይከፈታል፣ የአፈሩ ወለል ላይ ውኃ ይረጫል፣ እንግዳውም እርጥቡ ላይ እግሩን ዘርግቶ «እፎይ፣ ተመስገን» ይላል። ርእሰ መምህሩ ከሁለት መምህራን ጋር እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ እየመጡ መሆኑን ስሰማ፣ እጄ እንደለመደው በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ቤቱን በአንድ ባልዲ ውኃ አረሰረስኩት። እንዲያውም ለክብራቸው ብዬ ትንሽ ጨመርኩበት። እንግዶቼ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው፣ እግራቸውን ከመሬት አንሥተው አግዳሚው ላይ እንደ ዶሮ ተደረደሩ። ርእሰ መምህሩ በጣም ጨዋ ሰው ነበሩ። ዙሪያውን ቃኙና «ቤትሽ... አየር አለው» አሉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ሥራ ትዝ ብሏቸው ሄዱ። አከራዬ፣ አንዲት የጉጂ አሮጊት፣ ብቅ ብለው ወለሉን አዩና «ልጄ፣ ሰዎቹ ምን በድለውሽ ነው?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሕይወቴ ስለ ልብስ ብቻ ነበር። ሁለት ሹራብ፣ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ፣ ከሱሪው ሥር ሌላ ሱሪ። ነገሌ የመጀመሪያው ልብስ ሁለተኛው ሳይታጠብ ይደርቃል፤ ቦሬ ያሰጣሁት አንሶላ በሳምንቱም ያንጠባጥብ ነበር። ክፍል ውስጥ ጠመኔው ከጣቴ እያመለጠ ያስቸግረኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህርት፣ ጥርስዎ እየተንቀጫቀጨ ነው፤ መጨረሻውን አልሰማነውም» አለችኝ።

አባቴ በስልክ ሲጠይቀኝ ግን «ተስማምቶኛል» እለው ነበር። ማሳፈር አልፈለግኩም። «አላልኩም? ደም ነው እኮ!» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ያሰማል። በየሳምንቱ የምዋሸው ውሸት ቤታችንን እያስሸጠ መሆኑን ያወቅኩት እናቴ ስትደውል ነው።

«አባትሽ ነገ ይነሣል» አለችኝ፤ «መሬት ሊያይ አገሩ እየሄደ ነው። ‹ልጄ ብርዱን ከቻለች እኔን ምን ሊነካኝ ነው› ይላል። አንቺ ጋ ያድራል። ሦስት ቀን አቆዪው። ብርድ ልብስ እንዳትሰጪው።»

«እማዬ!»

«እሺ፣ አንድ ስጪው። ስሱን።»

አባቴ ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ከአውቶቡሱ ወረደ። «አየር ማለት ይሄ ነው!» ብሎ በረጅሙ ሳበና ሳል ያዘው። ማታ ስሱን ብርድ ልብስ ስዘረጋለት የእናቴ ተንኮል ጭራሽ አላስፈለገም። እሱንም መለሰልኝ። «ለእኔ? ለአሮጊቷ ስጫቸው፤ እሳቸው ያሳዝናሉ» አለ።

ጠዋት አልጋው ላይ አጣሁት። ያገኘሁት ከአከራዬ እሳት አጠገብ ነው። በቦርሳው የመጣው ልብስ በሙሉ ላዩ ላይ ነበር። ፎጣውን ራሱ ላይ ጠምጥሟል፣ ካልሲ እጁ ላይ አጥልቋል፤ አከራዬ ደግሞ ከሁሉም በላይ ቡሉኳቸውን ደርበውበታል። የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉኝ አከራዬ። «አባትሽን ተቆጫቸው። የቆላ ሰው እንዲህ ራቁቱን ያድራል?»

«እኔ የቆላ ሰው አይደለሁም» አለ አፍንጫው።

«ነገሌ ስንት ዓመት ኖሩ?»

«ሠላሳ ሁለት። ግን እኛ አገር...»

«ሠላሳ ሁለት» አሉ አከራዬ፣ እንጨት እየጨመሩ።

ይህ አነጋገር አባቴን እንዳንገበገበው ያወቅኩት በማግሥቱ ነው። ገና ጉሙ ሳይገፈፍ፣ አከራዬ እያዩት፣ ሸሚዙን አውልቆ ደጅ ካለው በርሜል ፊቱንና ደረቱን ሊታጠብ ወጣ። አንድ ጊዜ ጨለፈና ደረቱ ላይ ደፋው። ሁለተኛው ጭልፋ አየር ላይ ቀረ። ሲመለስ ከንፈሩ ነጥቷል፣ መንጋጋው አልላቀቅ ብሎታል፤ ፎጣ እንዳቀብለው በእጁ ያሳየኛል፤ እኔ ግን ከሳቅ ብዛት ግድግዳውን ይዤ ቆሜያለሁ። አከራዬ አንገታቸውን አዙረው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

ሳቁ ሲያልፍልኝ አሳዘነኝ። ያለኝን ብርድ ልብስ በሙሉ አውጥቼ አለበስኩትና እውነቱን ነገርኩት።

«አባዬ፣ እዋሽህ ነበር። አልተስማማኝም። አንድም ቀን ተስማምቶኝ አያውቅም።»

መንጋጋው ቀስ በቀስ ተፈታ። ከዚያ ከቀሚሴ ሥር ወደሚታየው አየ።

«ስንት ሱሪ ነው ያደረግሽው?»

«ሁለት።»

«እኔ ሦስት» አለ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጉሙ ተገፈፈና ፀሐይ ወጣች። ግድግዳውን ተደግፈን፣ ጎን ለጎን ሆነን ሞቅን። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ያንቀላፋ መስሎኝ ነበር።

«እኛ አገር እኮ የሚያውቀኝ ሰው የለም» አለ በድንገት። «እናቴም የለች፣ እኩዮቼም አልቀዋል። ብርዱ እንኳ ያውቀኛል ብዬ ነበር። እሱም ረሳኝ።»

ይህን እንዲል ነበር እናቴና እኔ በስልክ የዶለትነው፤ አሁን ሲለው ግን ከኪሱ የሆነ ነገር የሰረቅነው መሰለኝ። ቤታችን እንደማይሸጥ ያኔ አወቅኩ።

በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘሁት። ወደ ሐዋሳ፣ ወደ እሱ አገር አቅጣጫ የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ሰው ይጠራል። አባቴ ቦርሳውን እንደያዘ፣ አውቶቡሱ ከመናኸሪያው እስኪወጣ ድረስ ቆሞ አየው። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ነገሌ የሚመለሰው ላይ ተሳፈረና መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረው ሰው ጨዋታ የሚወድ ዓይነት ነበር፤ ገና ሳይደላደል ዞሮ «አካም፣ ናጋ፣ ደህና ነዎት አባት? አገርዎ የት ነው?» አለው።

አባቴ ለዚህ ጥያቄ አውራጃውን፣ መንደሩን፣ ወንዙን ሳይቀር ዘርዝሮ ነው የሚመልሰው። እኔም ከውጭ በመስኮቱ በኩል ዝርዝሩን ጠበቅኩ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው።

«ነገሌ» አለ።

«እኔም የነገሌ ልጅ ነኝ!» ብሎ ሰውየው በደስታ እጁን ዘረጋለት። አባቴ ተቀብሎ ጨበጠው፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ልቅሶ ቤት እንደሚጨበጠው አድርጎ።